የሰው እጅ የገባበት ማዳመጫ

ዘርአ ዳዊት በደብረ ብርሃን ስሙ የተጠራ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። ከአንኮበርም ከደነባም የተበላሸ ራዲዮ ተጭኖ ይመጣለታል። የገዛ ሚስቱን ማዳመጫ ግን ያበጀላት ሌላ ወንድ ሆነ።

ሚስቱ ይርጋለም የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚልኩበትን ሞርስም ታውቃለች። ከሥራ ስትመለስ፣ በየአገሩ በትርፍ ጊዜያቸው በራዲዮ የሚገናኙ አማተሮች በአጭር ሞገድ በሞርስ ሲጨዋወቱ ማድመጥ ደስታዋ ነው። ዘመኑ የደርግ ነውና ያ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ጎረቤት ዘንድ ደርሶ የቀበሌ ጠያቂ እንዳያስመጣባት ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ትደፋለች። ክረምት ሲገባ ታዲያ መብረቅ ብልጭ ባለ ቁጥር ማዳመጫው ውስጥ እንደ ጥይት ይጮህባታል።

"ዘሩ፣ እባክህ አንድ ነገር አድርግልኝ፤ ጆሮዬ ሊጠፋ ነው" ትለዋለች።

"እሺ፣ ነገ" ይላታል። የሰው ራዲዮ ሲጠግን ሐምሌ አለቀ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲያጓራ ቀና ብሎ አያት። ማዳመጫውን እንዳደረገች ናት፤ ንቅንቅ አላለችም።

"አላመመሽም?"

"ገብረአማኑኤል ማቆሚያ ሠራልኝ፣ አብሮኝ የሚሠራው። ድምፁ ከልክ ሲያልፍ ይቆርጠዋል።"

ዘርአ ዳዊት በማግስቱ እሷ ሥራ ስትሄድ ማዳመጫውን አነሣ። ገመዱ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን ተቀጥላለች። ከፈታት። ኃይለኛ ድምፅ የሚቆርጡ ሁለት ዳዮዶች ፊትና ጀርባቸውን አዙረው ተያይዘዋል፣ ከፊታቸው ኤሌክትሪኩን የምትገታ አንዲት ሬዚስተር። በቃ። እሱ ሻይ እስኪፈላ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ብየዳው ግን ጥንቅቅ ያለ ነበር፤ ይበልጥ ያበገነውም ይኸው ነው። ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ የሚበይደው ለማን ነው? ነቅሎ ሰባበራትና በምትኳ የራሱን ሠራ።

ይርጋለም ስትመለስ ሳጥኗ መለወጧን አየች። "የሰው ሥራ ለምን ታፈርሳለህ?"

"ባል እያለሽ የሌላ ሰው እጅ እዚህ ቤት ምን አገባው?"

"ባሌንማ ክረምቱን ሙሉ ለመንኩት።"

ማዳመጫውን አደረገች። መብረቁ አልጎዳትም፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። "ድምፁ ራቀብኝ። ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።"

"የሱ ይሻል ነበር?"

"አዎ" አለች። ዋሽታ አታውቅም።

ሲነጋ ሊጣላ ወደ ስልክ ቤቱ ሄደ። ገብረአማኑኤል፣ ባልየው እንደ ፈራው፣ ወጣት ነው፤ መልኩም ያማረ። ዘርአ ዳዊት መንገዱን ሙሉ ሲያብላላው የመጣውን ስድብ ትቶ፣ "ያቺ ሬዚስተር ምን ያህል ነበረች?" አለ።

"ትንሽ ናት፣ ጋሽ ዘርአ። ካበዟት ድምፁን ትውጠዋለች" አለ ወጣቱ በአክብሮት። "እኔማ 'ባልሽ ባለሙያ አይደለም ወይ?' ብያት ነበር። 'ጊዜ የለውም' አለችኝ።"

ከስድብ ሁሉ ይህ ከፋበት። ቤቱ ገብቶ ሬዚስተሯን ለወጠ። ከሰዓት በኋላ ይርጋለም ስታደምጥ ፈገግ አለች።

"ምን ይላሉ?"

"አንዱ መርከበኛ ነው፤ ስለ ባሕሩ አየር ያወራል።"

"እኔንም አስተምሪኝ" አላት።

ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ አንሥታ ለጆሮው አስጠጋችለት። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀመጡ። ፊደሉን አንድ በአንድ ትነግረው ጀመር፤ እሱ ግን ገና ሀሁውን ሳይለይ፣ "ይህን ሞርስ ያ ልጅም ያውቃል?" ብሎ ጠየቃት።