ቀጭ ሳይል

3

«ሌንሱን በሸሚዝህ እንዳትነካው! እጅህን ነው የምቆርጠው፣ ወላሂ!»

ይሄን ያለችው ረድኤት ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቂሟ ግን የመቶ ዓመት ሴትዮ ቂም ነው፣ ስወዳት! የተባለው ደግሞ ያቤጽ ነው፣ የአጎቷ ልጅ። (1 እና 2 ስለ ድሬዳዋ ሙቀት ነበሩ፤ አጠፋኋቸው። ትሞቃለች፣ በቃ።)

4

ምን አደረጋት?

አያታቸው አባባ ታምሬ የግማሹን ድሬ ሠርግ ፎቶ ያነሱ ሰውዬ ናቸው። አሁን ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዶ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። አንድ ቀን በር ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ረድኤት ድምጿን አጥፍታ በገዛ አሮጌ ካሜራቸው አነሳቻቸው። ኧረ የሚያስለቅስ ፎቶ! ያቤጽ «እኔ አሳጥብልሻለሁ» ብሎ ፊልሙን ወሰደ።

ከዚያ ኤግዚቢሽን ላይ ተሰቀለ። ሥሩ ላይ፦ «ፎቶ፦ ያቤጽ»።

አንደኛ ወጣ። ቤተሰቡ አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች።

መዳፏ እስካሁን ያቃጥላታል።

5

ስለ ካሜራው (እንዳትዘሉት፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ)

ሌንሱ እንደ ኤሊ አንገት ነው። ሥራ ሲፈታ ወደ ውስጥ ይገባል። ልታነሱ ስትሉ ጎትታችሁ ታወጡታላችሁ፣ ታዞሩታላችሁ፣ «ቀጭ» ብሎ ይቆለፋል። ቀጭ ካላለ ያነሳችሁት ሁሉ ጭጋግ ነው። ጉዱ ምን መሰላችሁ? የምታዩበት ቀዳዳ ሌላ ነው፣ ከሌንሱ በላይ። ስለዚህ ሌንሱ ገብቶ ቢተኛም ለናንተ ሰዉ ጥርት ብሎ ይታያችኋል።

ጥርት።

አባባ ይሄን ሲያስተምሩ ረድኤት ሰማች። ያቤጽ ስልኩ ላይ ነበር።

6

የአክስታቸው ሠርግ ደረሰ። ለሙሽሮቹ ቪዲዮም ዲጂታልም ተከራይቷል፣ እንዳታዝኑ። ያቤጽ ግን ለሚቀጥለው ኤግዚቢሽን «በአሮጌው ነው የማነሳው፣ ስታይል ነው» አለ። አባባም «ረድኤትዬ፣ ጥረጊለት» አሏት።

ጠረገችለት! መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አቧራውን እፍ፤ አቧራው ሳይወጣ ከተወለወለ መስታወቱ ይጫራል። ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ። ቀጥሎ ስስ ወረቀት በጠብታ ፈሳሽ አርሳ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ክብ ክብ፣ ሳትጫን። ሌንሱም እንደ አባባ ሞራ ነበረው። የሱ ይጠረጋል።

የዓይን ብሌን አስመሰለችው።

ከዚያ በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ አስገባችው።

7

ያቤጽ፦ ጨረስሽ?

ረድኤት፦ ምን የመሰለ ሆነ መሰለህ።

ያቤጽ፦ ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?

ረድኤት፦ አንተ? አንደኛ የወጣኸው? አቦ ተወኝ!

ያቤጽ፦ (እየሳቀ) አሁንም አልለቀቀሽም? ፎቶ እኮ ነው፣ ያው የቤተሰብ ነው።

ረድኤት፦ ክዳኑን አውልቅ። በቃ።

8

ሙሽሪት። ጭጋግ።

ኬኩ። ጭጋግ።

እስክስታው። ጭጋግ ጭጋግ ጭጋግ! ረድኤት ጥግ ላይ ቆማ ለስላሳዋን እየጠጣች በአፍንጫዋ እስኪወጣ ሳቀች። እኔም ይሄን ስጽፍ እየሳቅኩ ነው። የወጋ ቢረሳ ምናምን!

9

ከዚያ አባባ በዘንጋቸው እየዳበሱ መጡ።

«ያቤጽ፣ ፊልም ቀርቶሃል?»

«አንዲት፣ አባባ።»

«እኔን አንሳኝ። ያን ጊዜ ሰርቀህ ነው ያነሳኸኝ።»

ሰርቀህ። ረድኤት ለስላሳዋን አስቀመጠች።

«አሁን አውቄ፣ ተዘጋጅቼ ልነሳ። በራሴ ካሜራ። ስሞት አልጋዬ ራስጌ የምትቆመው ይቺ ፎቶ ትሁን።»

ኮታቸውን ቆለፉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዞሩ። ያቤጽ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ለጠፈ። ጥርት ብለው ታዩት።

«ዝግጁ?»

«ቆይ» አሉ አባባ፣ እጃቸውን አንስተው። «ቀጭ ሲል አልሰማሁም።»

«ምኑ?» አለ ያቤጽ።

አባባ ጆሯቸውን ወደ ጥጉ ጣል አደረጉ።

«ረድኤትዬ፣ እዚያ ነሽ አይደል? ያንቺ ጆሮ ደህና ነው። ቀጭ ብሏል?»

10

ረድኤት፦