ባሕር ያላየው ባኪ

መካኒኩ ሙዘሚል ከመኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ ሻንሲውን በመዶሻ መታ እያደረገ ያዳምጣል። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የታመመ ብረት ድምፁ ይሞታል። ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ መጣ። እስከ ናፍጣ ጋኑ ድረስ ጮኸለት። የኋላው ባሌስትራ የሚታሰርበት ቦታ ሲደርስ ግን መዶሻው ካርቶን የመታ መሰለው። ካቻቢቴውን አንሥቶ ጫፉን አስጠጋ። ሳይገፋው ገባ።

ዝገት ፊቱ ላይ ረገፈ። ከዝገቱ ጋር ነጭ ዱቄት ነበረ። ማስኩን ዝቅ አድርጎ ጣቱን ላሰ።

«ይሄ መኪና ደርባን ሄዶ ያውቃል?» አለ ከሥር።

«ደርባን ምን ሊሠራ?» አለች ፊቤ ከሱቋ በር ላይ ሆና። «ከዚህ ከቶኮዛ ጀፕ፣ ከጀፕ ቶኮዛ። ሌላ መንገድ አያውቅም።»

«ባሕር ዳር የኖረ ነው የሚመስለው። ጨው በልቶታል።»

መኪናው አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነው፤ እዚህ አገር ሁሉም ሰው ባኪ ይለዋል። የገዛው የፊቤ ባል ዓብዩ ነበር። ዓብዩ በመጀመሪያው የኮሮና ዓመት፣ ብርዱ በበረታበት ወር ሞተ። ከዚያ ወዲህ መሪውን የያዘችው ፊቤ ናት። መንዳት የተማረችውም በዚሁ ባኪ ላይ ነው።

የዓብዩ ታላቅ ወንድም ዱካሞ የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ጥላው ሥር ተቀምጧል። ከሶዌቶ የመጣው የመካኒኩን ቃል በራሱ ጆሮ ሊሰማ ነው።

«እንግዲህ ለቁራሌ ስጪው» አለ። «አልኩሽ እኮ። ሱቁን ዘግተሽ ልጆቹን ይዘሽ ወደ እኛ ነይ። በቀለች ክፍሉን አጽድታ አልጋውን ዘርግታልሻለች።»

ክፋት የለበትም። ግን ባኪው ከሌለ ሱቁ የለም፤ የበቆሎ ዱቄት ጆንያና የዘይት ካርቶን በሰው ታክሲ ከጀፕ የጅምላ ገበያ አይመጣም። የዱካሞ ቤት ደግ ቤት ነው፤ በቀለችም ደግ ሚስት ናት። ያም ሆኖ የዱካሞ ቤት ነው።

«ቆይ ልየው፣ ጋሼ ዱካሞ» አለ ሙዘሚል። «ሳይታይ አይፈረድም። ግን ይሄ ጨው ከየት መጣ? እዚህ አገር ጨው አይዘንብ።»

«ከእኔ ነዋ!» አለች ፊቤ። ድምፅዋ ላይ ኩራት ነበረ።

ዱካሞ ዞሮ አያት።

«ከጀፕ በተመለስኩ ቁጥር አጥበዋለሁ። ለብ ባለ ውሃ፣ ለሥጋ ጥብስ የሚሸጠውን ሻካራ ጨው አሟሙቼ፣ በመርጫ። ጎማውን፣ በሩን፣ ሥሩን። ሥሩን አስበልጬ ነው የማጥበው፤ ጀፕ አስፋልት ላይ ስንቱ ይተፋል። ጋሼ አይደለህም እንዴ ጨው ኮሮናን ይገድለዋል ያልከኝ?»

ዱካሞ ከሣጥኑ ተነሣ። «እኔ? እኔ ተጉመጥመጪበት ነው ያልኩሽ! የጸሎት ግሩፑ ላይ የተላከው ድምፅ ስለ ጉሮሮ ነው!»

«ለጉሮሮ የሆነ ለጎማ አይሆንም አላልከኝም።»

«እንግዲያ ባኪውን ስታስጉመጠምጪው ነው የከረምሽው!»

ሙዘሚል ከሥር ሳቀ። አፉን ሲከፍት ዝገት ገባበትና ሳቁ ሳል ሆነ። ፊቤና ዱካሞ እኩል ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ያን ሰሞን ሰው ሲያስል እንዲያ ነበር።

«ዝገት ነው! ዝገት ነው!» አለ አንድ እጁን ከመኪናው ሥር አውጥቶ እያወዛወዘ።

«ደግሞስ» አለች ፊቤ፣ «ጨው ከመበስበስ ያድናል እንጂ መቼ ያበሰብሳል? አባቴ ሆሳዕና የቆዳ ነጋዴ ነበር። ጨው ያልነካው ቆዳ ሳይውል ሳያድር ይሸታል። ጨው የጠጣው ከርሞም አይበላሽ።»

ሙዘሚል ወጥቶ ጎማው ላይ ተደገፈ። የወራቤ ልጅ ነው፤ የቆዳ መጋዘን ያውቃል። «አይ፣ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ሊላት ይችል ነበር። አፉ ላይ ያለውን ዝገት እየጠረገ ትንሽ አሰበ።

«የአባትሽ መጋዘን በሩ ምን ነበር?»

«ቆርቆሮ።»

«ማጠፊያውስ?»

«ብረት ነው እንጂ ምን ይሆናል...» ብላ አቆመች።

በሩ ቶሎ ቶሎ ይቀየር ነበር። ከታች በኩል ይበሳሳና ድመቶች መግቢያ ያደርጉታል። አንድ ቀን ማጠፊያው ተበልቶ አልቆ በሩ አባቷ እግር ላይ ሲወድቅ ቤተሰቡ በሙሉ ስቋል። ቆርቆሮ ሻጩን ይረግሙት ነበር እንጂ ማንም ጨው ነው ብሎ አያውቅም።

«ቆዳውን አድኖ በሩን ይበላ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

የባኪውን ጎን በመዳፏ ነካች።

«ዓብዩ ያመመው ከጀፕ ጭኖ በተመለሰ ሰሞን ነው። መኪናው ነው ያመጣበት ብዬ ነው። ሌላ የማጥበው ነገር አልነበረኝም።»

ዱካሞ ማስኩን አስተካከለ።

«በሽታው ሻንሲ ላይ አይቀመጥም፣ እህቴ» አለ ሙዘሚል። «በእስትንፋስ ነው የሚመጣ። ስትነጂ መስኮት ክፈቺ፣ ጀፕ ስትገቢ ማስክሽን አታውልቂ። ለባኪው ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። አሁን ውስጡ የቀረው ጨው መውጣት አለበት፤ እላዩ ላይ ብበይድ ከሥር መብላቱን አይተውም። እናጥበውና ሲደርቅ እንደገና እመታዋለሁ። የቀዳዳው ዙሪያ ከጮኸ ይበየዳል። ካልጮኸ ጋሼ ያለው ይሆናል።»

ፊቤ የጎማ ቱቦውን ቧንቧው ላይ ሰካች። ሻንሲው ውስጡ ባዶ ነው፤ ሙዘሚል የቱቦውን ጫፍ በአንዱ ቀዳዳ አስገባና በሌላው በኩል ሻይ የመሰለ ውሃ መውረድ ጀመረ።

«ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!» የሚል የደንበኛ ድምፅ ከሱቁ መስኮት መጣ።

«ሳዉቦና፣ ማማ፣ መጣሁ!» ብላ በአገሬው ሰላምታ መልሳ፣ ፊቤ ቱቦውን በአቅራቢያዋ ላለው ሰው አስያዘች። በአቅራቢያዋ ያለው ዱካሞ ነበር። ጫማውን አይቶ፣ ውሃውን አይቶ፣ ሱሪውን ሰበሰበ።

ዳቦውን ሽጣ ስትመለስ ዱካሞ ተንበርክኮ የሚወርደውን ውሃ በጣቱ ይቀምሳል።

«ገና ነው» አለ። «ሾርባ ነው።»

«ያጠብኩት እኔ፣ ቀማሹ አንተ» አለች።

«ዝም ብለሽ ውሃውን ጨምሪ።»

ውሃው ጠራ። ዱካሞ ሁለቴ ቀምሶ አሁን ምንም የለውም ሲል ቧንቧው ተዘጋ። የበጋው ፀሐይ ብርቱ ነው፤ እስኪደርቅ ብዙ አልጠበቁም። ሙዘሚል የሽቦ ብሩሽና መዶሻ ይዞ ተመልሶ ገባ። የላላውን ብረት ሁሉ አረገፈ። ቀዳዳው ሰፍቶ ሰፍቶ መዳፍ የሚያህል ሆነ። ፊቤ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ ጎንበስ አለች፤ የሚረግፈውን እያየች ብዛቱን ላለማሰብ ሞከረች። ከዚያ መርገፉ ቆመ።

ሙዘሚል ከቀዳዳው ጠርዝ አንድ ጣት ከፍ ብሎ መታ። ጮኸ። ዝቅ ብሎ መታ። ጮኸ። በቀኝ በኩል ትንሽ ዝም ያለች ቦታ አገኘ፤ እሷን ቆርጦ ካወጣ በኋላ እንደገና መታ።

«ሰማችሁ?» አለ።

«ሰማሁ» አለ ዱካሞ፣ ማንም ሳይቀድመው።

«ወፍራም ላሜራ እቆርጥለታለሁ። ሐሙስ መበየጃውን ይዤ እመጣለሁ፣ መብራት ካልሄደ። እስከዚያ ጭነት የለም።»

ዱካሞ ሱሪውን እያራገፈ ወደ ራሱ መኪና ሄደ። በሩን ከፍቶ ዞር አለ። «ባይሆን እንኳ ሶዌቶ አለ።»

«አለ፣ ጋሼ። እሑድ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ፤ ለበቀለች ንገርልኝ። በባኪው መጥቼ በባኪው እመለሳለሁ።»

«ማስጉመጥመጡን ትተሽ» አለና ሄደ።

ሐሙስ መብራት ሄዶ ነበር፤ ብየዳው ዓርብ ሆነ። ሙዘሚል ላሜራውን በይዶ ፀረ ዝገት ቀለም ቀባው፣ የቀረውን ሥር የተቃጠለ ዘይት አስጠጣው። ቅዳሜ ፊቤ ጀፕ ሄዳ ዱቄትና ዘይት ጭና፣ መስኮቱን ከፍታ ተመለሰች። ጉድጓድ ባለበት ሁሉ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች። ባሌስትራው እንደ ድሮው ይንጫጫል፤ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ዕቃውን አውርዳ ስታበቃ እጇ ሳታዝዘው መርጫውን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። አፉ ዙሪያ ጨው ደርቆበታል። ክዳኑን ከፍታ ያለውን ደፋች፤ በንጹሕ ውሃ ሞላችው። መዳፏ ላይ ረጭታ ቀመሰች። ጨው ነው። ደፍታ እንደገና ሞላች፣ ረጨች፣ ቀመሰች። አሁንም ትንሽ አለው። በሦስተኛው ውሃ ብቻ ሆነ።

የተረፈውን ጨው ከረጢቱን አፉን አስራ ሱቁ ውስጥ ከስኳሩ አጠገብ አስቀመጠችው። መርጫውን ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ዘቅዝቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።