የአለኝታ መርዶ

በሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ በከረረበት በሐምሌ ወር፣ በነቀምት ከተማ፣ በፊታውራሪ መሸሻ ግቢ፣ አንድ ወፍ እህል አልበላም አለ።

በዚያው ሰሞን በኡኬ በኩል የሰው ከብት በአባ ሰንጋ እየወደቀ ነበር። ስለ ከብቱ ማንም መኪና አልላከም። ስለ ወፉ ግን ላንድሮቨር ተልኮ ሞረዳን ከክትባት ሥራው ላይ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ አንሥተው አመጡት።

ሞረዳ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነው። ከተማው ዶክተር ይለዋል። መጀመሪያ ላይ «ኧረ አይደለሁም» ይል ነበር፤ በኋላ ማስተባበሉ ከክትባቱ የበለጠ ሲያደክመው ተወው። ከሲሬ እስከ አርጆ በእሱ መርፌ ያልተወጋ በሬ ካለ፣ የሮጠ በሬ ብቻ ነው። በቀቀን ግን አይቶ አያውቅም።

ወፉ ግራጫ ነው፤ ጅራቱ ቀይ። የፊታውራሪ ባለቤት የወይዘሮ ሸዋጌጥ ወንድም ሻለቃ ወሰኔ ከኮንጎ ሲመለስ ይዞት የመጣ ነው። ሌላው ዘማች ሬዲዮ ይዞ ሲገባ እሱ ወፍ ይዞ ገባ። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ልጅ አልወለዱምና ስሙን አለኝታ አሉት። ይናገራል ተብሎ ነበር የመጣው፤ ነቀምት ከገባ ጀምሮ የተማረው ግን የፊታውራሪን ሳል ብቻ ነው። እሱን አጥርቶ ተማረ። አለኝታ ባሳለ ቁጥር አሽከሮቹ ከተቀመጡበት ብድግ ይላሉ።

ከዚያ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ለርስት ክርክር አዲስ አበባ ሄዱ። ችሎቱ ቀጠሮ ሰጠ፤ ቀጠሮው ሌላ ቀጠሮ ወለደ። ወፉም የደረቱን ላባ መንጨት ጀመረ።

«እህስ ዶክተር፣ ምን አገኘህበት?» አሉ ፊታውራሪ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳው ላይ ቆመው።

«ደረቱን ራሱ ነው የሚነጨው ጌታዬ። አንድ ቦታ አይቆምም። ዕረፍት አጥቷል።»

«ዕረፍትማ እኛስ መቼ አገኘን። መድኃኒቱን ንገረኝ።»

«እኔ የማውቀው የበሬ ነው።»

«በሬም ይበላል፣ ወፍም ይበላል።» ፊታውራሪ አሳሉ፤ ከውስጥ ሌላ ሳል መለሰላቸው። ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ስማ ሞረዳ። ደብረ ዘይት ያ የእንስሳት ጤና ትምህርት ቤት ልግባ ብለሃል አሉ።»

ሞረዳ እውነትም ብሎ ነበር። ለመግባት የአንድ ትልቅ ሰው ቃል ያስፈልጋል፤ በከተማው ደግሞ ከፊታውራሪ የሚበልጥ ቃል የለም። ዕድሜው ዘንድሮ ካለፈ ትምህርት ቤቱ አይቀበለውም። ያን ጊዜ እስኪጦር ድረስ ከበሬ ኋላ መሮጥ ነው።

«ባለቤቴ ስትመለስ ይህን ወፍ በእግሩ ቆሞ ካገኘችው ትሄዳለህ። ካላገኘችው በሬህን ትወጋለህ።»

ሞረዳ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚቀመጥበት ጠፋው። እህል ሲቀርብለት ይነሣል፤ ሲነሣ የት እንደሚሄድ ይረሳል። ከሚጸልይበት የወንጌላውያን ጸሎት ቤት፣ ከሽማግሌዎች ጉባኤ መካከል ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ። «ኦቦ ሞረዳ ሆዱን ያመዋል» ተባለ።

ቢሆንም ሥራውን ሠራ። ያለው መድኃኒት የበሬ ዱቄት ነው። ሁለት ዶሮ ከገበያ ገዝቶ በቡና ነጋዴ ሚዛን መዘነ፤ የበሬውን መጠን ለዶሮ አካፈለው፣ የዶሮውን ለበቀቀን። ዱቄቱን መጀመሪያ ለዶሮዎቹ ሰጠ። ዶሮዎቹ አልሞቱም፤ እንዲያውም አንደኛው ጠብ መፈለግ ጀመረ። ይህን እንደ መልካም ምልክት ቆጠረው።

ቀጥሎ ወፉ የሚበላውን መረመረ። የቤቱ ወጥ ቤት እማዋይሽ፣ የጎጃም ሰው ናት፣ ቅቤ የጠገበ ጭኮ ነበር የምታጎርሰው።

«እማዋይሽ፣ ወፍ ቅቤ አይበላም።»

«ያዘነ ሁሉ ቅቤ ይሻዋል፤ አንጀት ያርሳል። አንተ መርፌህን ያዝ።»

ጭኮውን አስቀርቶ ኑግ፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ ከዲዴሳ በረሃ የመጣ ፓፓያ አዘዘ። ወፉ በላ። ላባው አቆጠቆጠ። አንድ ቀን ጠዋት አሳለ፤ ግቢው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። ሞረዳ ደስታው ገንፍሎ ከአሽከሮቹ ጋራ አብሮ ቆመ።

እማዋይሽ ግን መዳኑን ለሌላ ሰጠችው። በስውር ከማርያም ጸበል ታመጣለት ኖሯል። ጥቂት በጥቂት ከረዳ ብዙ ሲሆን ፈጽሞ ይፈውሳል ብላ፣ ዝናብ ከበረዶ ጋራ በሚወርድበት ማለዳ፣ አለኝታን በማሰሮ ሙሉ ጸበል አጠመቀችው።

ሞረዳ ሲደርስ ወፉ የሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ነበር።

«ሞቷል እንዴ?»

«አፍህ ይቆረጥ! ደክሞት ነው።»

«እማዋይሽ፣ እግሩ ወደ ሰማይ ነው።»

«እና? የኮንጎ አተኛኘት እንደሆነስ በምን ታውቃለህ?»

ሞረዳ ላባውን ነካ። «ረጥቧል።»

«ጸበል ነው። ጸበል ደግሞ አይገድልም።»

«እኔ መቼ ገደለ አልኩ?» አለና ቆም ብሎ አሰበ። ጸበሉ ካልገደለው ዱቄቱ ሊሆን ነው። እማዋይሽም ይህንኑ ከሌላው ጫፍ እያሰበች ነበር። ተያዩ።

«ደክሞት ነው» አለ ሞረዳ።

«አላልኩህም?» አለች እማዋይሽ።

ወፉን ኮክ ዛፍ ሥር ቀበረችው፤ የሽቦ ቤቱን በነጠላ ሸፈነችው። ፊታውራሪ በየማለዳው በዚያ ሲያልፉ «አለኝታ እንዴት አደረ?» ይላሉ። «ደህና አድሯል ጌታዬ፤ ብርድ እንዳይመታው ሸፍነነው ነው» ይባላሉ። ነጠላውን ገልጠው አያውቁም። ግቢያቸው ሳል በሳል መሆኑ ስለ ቀረላቸው ይመስላል፣ አንድም ቀን «ምነው ዝም አለ?» አላሉም።

አንድ ሰው ግን መስማት ነበረበት፤ ስልከኛው ተረፈ። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ከአዲስ አበባ እየደወሉ የወፉን ደኅንነት የሚጠይቁት እሱን ነው። የአንድ ወፍ ደኅንነት ተጠይቆ እስኪያልቅ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች። ተረኛ ነጋዴዎች ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። «ዛሬስ ሕመሙ ጠንቶበታል መሰለኝ» ይላል አንዱ። «ወፍ ማስታመም ቀላል እንዳይመስልህ» ይላል ሌላው፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። ከዚህ ያለፈ ቃል ከማንም አፍ ወጥቶ አያውቅም።

ሞረዳ ስልክ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። «አካም ጂርታ፣ ተረፈ? አለኝታ ሞቷል። እንደ ምንም ብለህ ንገርልኝ።»

ተረፈ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ ክራቫቱን በዝናብም የማይፈታ፣ የሸዋ ልጅ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ኦቦ ሞረዳ፣ ምን በድዬህ ነው? እኔ አልናገርም።»

«እውነቱ ይኸው ነዋ!»

«እውነቱን ከነገርኳት በሚመጣው ማክሰኞ ስለ ምን ትደው…» ተረፈ ክራቫቱን አስተካከለ። «ስለ ምን ይደውላሉ?»

ሞረዳ ግድግዳውን አየ። ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም፤ እሱ ግን በደንብ አየው።

በዚያው ማክሰኞ ወይዘሮ ሸዋጌጥ የአለኝታን ድምፅ ካልሰማሁ አሉ። ተረፈ አንድ ጊዜ ላቡን ጠረገ፤ ከዚያ የስልኩ አፍ ውስጥ አሳለ። አጥርቶ አሳለ። ውጭ የነበሩት ነጋዴዎች ፊታውራሪ የመጡ መስሏቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

ነሐሴ ሲገባ ችሎቱ ለክረምት ተዘጋ፤ ወይዘሮ ሸዋጌጥም እንደሚመለሱ ተሰማ። ሞረዳ የሲሬን መንገድ እስከ ከተማው ጫፍ እየሄደ ይመለስ ጀመር። መኪና በመጣ ቁጥር ልቡ ይወድቃል፤ መኪናው የቡና ጭነት ሲሆን ደግሞ፣ ምነው እሳቸው በሆኑና በተገላገልኩ ይላል።

መላው የመጣለት ለቅሶ ላይ ነው። ከዘመዶቹ አንድ ሽማግሌ አርጆ ላይ ሞተው ሄደ። ሽማግሌውን ሥር አጠጥቶ የጨረሳቸው ባለመድኃኒት ከፊት ተቀምጦ ንፍሮ እየቆረጠመ ያጽናናል። ማንም ክፉ አላየውም። ሞረዳ የንፍሮው እፍኝ በእጁ እንዳለ ቀረ። በሬ ሲሞት ሰው የሚጠይቀው ሐኪሙን ነው። ሰው ሲሞት የሚጠይቀው እግዜርን ነው፤ እሱም አይመልስም። እንግዲያው አለኝታ እንደ ወፍ ሳይሆን እንደ ሰው መሞት አለበት።

በማግሥቱ ፊታውራሪ ፊት ቀርቦ ሁሉን ተናገረ። ፊታውራሪ አልተቆጡም። የሞቱም ነገር አዲስ አልሆነባቸውም።

«መርዶ?» አሉ።

«መርዶ ጌታዬ። እሜቴ እንደ ልጅ ያሳደጉት ነው። ማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ ቢነገራቸው ሐዘን ይሆናል እንጂ ቁጣ አይሆንም።»

ፊታውራሪ የሽቦ ቤቱን የሸፈነውን ነጠላ ብዙ አዩት። «ማን እንደ ሞተ ቀድሞ የሚነግራት እንዳይኖር» አሉ በመጨረሻ። «ሁላችሁም ዝም። ተረፈን አርጆ እልከዋለሁ። እዚያ የስልክ ሽቦ ተበጥሷል።»

ሽቦ መበጠሱን ከፊታውራሪ በቀር የሰማ አልነበረም።

ወይዘሮ ሸዋጌጥ ሲሬ አድረው ማለዳ እንደሚገቡ አንድ ሾፌር ወሬ አመጣ። ጎሕ ሲቀድ ግቢው ሞላ። ከለቀስተኛው ግማሹ ለወፍ መሆኑን አያውቅም፤ ግማሹ እያወቀ አላወቀም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን በብብታቸው አሳልፈው ታጥቀዋል። ፊታውራሪም እንደ ሰው ሁሉ ታጥቀው ከፊት ቆሙ። ቄሱ ተጠርተው መጥተዋል፤ ግን «እኔ በአእዋፍ ላይ አልተሾምኩም» ብለው ወደ ኋላ አሉ። መናገሩ ለሞረዳ ደረሰ። ቃሉን ከንፈሩ ላይ ያመላልሳል፤ እግሩ ደግሞ አንድ ቦታ አልቆም ብሎ ጭቃውን ያቦካል።

«ቁም እንጂ አንተ ሰውዬ፣ አዞርከን» አለች እማዋይሽ።

«አሁን ካልቆምኩ ምን አለበት? በኋላ መቆሜ አይቀር።»

ላንድሮቨሩ እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ። መሪውን የያዘው ሻለቃ ወሰኔ ነው። ወይዘሮ ሸዋጌጥ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን መሬት አሳረፉ፤ ሁለተኛው እዚያው መኪናው ላይ ቀረ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ።

እማዋይሽ ለወጉ ያህል ልታለቅስ ነበር የተማከሩት። አፏን ስትከፍት ግን ቢቸና ሳትቀብራት የቀረች እናቷ ትዝ አለቻት፤ የወጣው እውነተኛ እዬዬ ሆነ። እሱን ተከትሎ ሌላው ሁሉ የየራሱን ሙት አነሣ።

የወይዘሮ ሸዋጌጥ ዓይን ዞረ። ወንድማቸው አጠገባቸው ነው። ባላቸው በደኅና ቆመዋል። ዓይናቸው ባላቸው ላይ ብዙ አልቆየም፤ አልፎ ሄደ፣ ከፊት ወደ ፊት፣ ከአጥሩ እስከ በሩ፣ የጎደለ ሰው እየፈለገ። ተመልሶም መጥቶ እንደገና ፈለገ።

«ተረፈ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

እዬዬው ይበልጥ በረታ።

«ምን አገኘብኝ? ለዚህ ነው ስልኩን የማያነሣው… ተረፈን ነው የቀበራችሁብኝ?» በተጓዙበት ካባ ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

የእማዋይሽ ለቅሶ ከመሐሉ ተቆረጠ። ሌላውም አንድ በአንድ ዝም አለ። ሁሉም ሞረዳን አየ። ዝም ቢል በሕይወት ያለ ሰው ሊለቀስለት ነው። ቢናገርም ከአሁን በኋላ የሚያድነው ነገር የለም። ያጠናው ቃል ሁሉ ጠፋበት።

«አለኝታ ነው፣ እሜቴ» አለ። «የሞተው ወፉ ነው።»

ወይዘሮ ሸዋጌጥ ቀና አሉ። «ወፉ?»

«ወፉ።»

ከለቀስተኛው አንዱ የመኪናውን ጎማ ማየት ጀመረ፤ ሌላው ደመናውን። ሻለቃ ወሰኔ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ከፊቱ ያለውን መስተዋት ያያል። ፊታውራሪ ከብብታቸው ሥር የታጠቁትን ጋቢ ፈቱ፣ አራገፉት፣ እንደ ደኅና ቀን አድርገው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ሌሎቹም ወንዶች እየፈቱ እንደዚያው አደረጉ።

«አንሷት፤ ጭቃ ነው» አሉ ፊታውራሪ። ከዚያ ወደ ሞረዳ ሳይዞሩ፣ «ደብረ ዘይት ትሄዳለህ ብያለሁ አይደል? ሂድ። መኪናው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ በእሱው ተሳፈር። ተረፈን ደግሞ እኔ ከአርጆ አስጠራዋለሁ።»

ሻለቃ ወሰኔ ሞተሩን ገና አላጠፋም ነበር።