የለይላ የቤት ሥራ

መምህር ሳህሉ የሰኞን የሳይንስ ትምህርት የሚያዘጋጀው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ጫቱን በቀኙ፣ የዝግጅት ደብተሩን በጉልበቱ አድርጎ ይቀመጥና እስኪመሽ ከመደቡ አይነሣም። ባለቤቱ ለተማርያም ይህን ልማዱን አጥብቃ ትጠላዋለች፤ እሱ ደግሞ ያለ ጫት የታሰበ ትምህርት ጨው የሌለው ወጥ ነው እያለ ያሾፍባታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ መምከሩን ከተወችው ቆይታለች።

እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ማስተማር ያውቅበታል። ሌሎቹ መምህራን ሰሌዳውን ሞልተው ያስገለብጣሉ። እሱ ከሥጋ ቤት የበሬ ዓይን አምጥቶ ተማሪዎቹ ፊት ይሰነጥቃል፤ ዝናብ ሲጥል ልጆቹን ከሐረር ጀጎል ግንብ ሥር አቁሞ ጎርፉ አፈሩን ወዴት እንደሚወስደው ያስለካቸዋል። በደብተሩ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚጨነቅበት የመጨረሻው መስመር ነው፤ የቤት ሥራ። ክፍል ውስጥ የቀረ ትምህርት የሞተ ትምህርት ነው ይላል። ቤታችሁ ውሰዱት፣ ሞክሩት፣ በዓይናችሁ ሳታዩ የእኔንም ቃል ቢሆን አትመኑ እያለ አምስት ዓመት አስተማረ። ዲሬክተሩ ደብተሩን ሰኞ ሰኞ ሲፈርሙ ያንን መስመር ለሌሎቹ ያነቡላቸዋል። በዚህም ሳህሉ ትንሽ ይኮራል፤ ትንሽ ማለቴ ለይሉኝታ ነው።

በዚያ ቅዳሜ የቃመው ጫት ግን ሌላ ነበር። የላከለት የስምንተኛ ክፍል ተማሪው የለይላ አባት፣ የሶፊው ገበሬ ዩሱፍ ነው፤ ልጄን ጎበዝ አደረግህልኝ ብሎ። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፤ ትል የበሳው አንድም የለበትም። ሳህሉ እንዲህ ያለ ጫት በዕድሜው አላየም። አመሻሹ ላይ ከንፈሩ ደነዘዘ፤ ሌሊቱን ሙሉ ደረቱ ሲደልቅ አደረ። ይህንንም የጫቱ ጥሩነት ነው አለ። እሑድ ጠዋት የለተማርያም ፍየል በረንዳው ሥር አራት እግሯን ዘርግታ፣ አረፋ ደፍቃ ተገኘች። ማታ የበላችው ገራባውን ነበር፤ ከእሱ የተረፈውን ግንድና ቅጠል። ለተማርያም ገራባህ ነው የገደላት አለችው። ሳቀባት። ፍየሏ ሦስት ዓመት ገራባ ስትበላ ኖራ ዛሬ ምን ልትሆን፣ እባብ ነክቷት ይሆናል አለ። ሲስቅ ግን ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሁለቱም አዩት።

ሰኞ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። ብርድ ነው አለና የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። የዕለቱ ትምህርት ከሦስት ሳምንት በፊት የተሰጠውን የቤት ሥራ ሪፖርት መስማት ነበር። ያኔ ስለ ነፍሳት ሲያስተምር ሁለት ብርጭቆ ደፍቶ በየሥራቸው ዝንቦች ከትቶ ነበር። ባንደኛው ውስጥ ከአንበጣ መርዝ የጥፍር ጫፍ ያህል ነሰነሰ፤ ሌላውን እንዲሁ ተወው። መርዙ አምና አንበጣ ሲወርድ ለርጭት ከመጣው የተረፈ ነው፤ አንድ የመጋዘን ዘበኛ ወዳጁ በወተት ቆርቆሮ ሞልቶ ሰጥቶታል። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ዝንቦቹ አንድ በአንድ ሲገለበጡ ቆጠሩ። ከዚያ ለየአንዳንዳቸው በወረቀት እየጠቀለለ አደላቸው። ቤታችሁን የሚያስቸግር ነፍሳት ፈልጉና ሞክሩ፤ ከምግብ፣ ከውሃና ከከብት አርቁት፤ እጃችሁን ታጠቡ አላቸው። ሁሉንም አስቦ የጨረሰ መስሎት ነበር።

በማግሥቱ ለይላ መጥታ ያቺ ጥቅልል አልበቃችኝም፣ ለተክላችን ነው አለችው። ሳህሉ ደስታ ፈነቀለውና ቆርቆሮውን ከነመርዙ አንሥቶ ሰጣት። የትኛው ተክል እንደሆነ አልጠየቃትም።

አሁን ተነሥታ ደብተሯን ከፈተች። እቤቷ ሶፊ ነው፤ ለትምህርቷ ስትል ሰኞ እስከ ዓርብ ጀጎል ውስጥ ጫት ነጋዴዋ አክስቷ ሳፊያ ዘንድ ታድራለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ቀስ ያለ ነው።

«የመረጥሁት ነፍሳት የጫታችንን ለጋ የሚበላውን ትል ነው» ብላ ጀመረች። «መርዙን በውሃ በጥብጬ በቅጠል መጥረጊያ ሃያ እግር ጫት ላይ ረጨሁ። ሃያ እግር ደግሞ ለማነጻጸር ሳልረጭ ተውሁ። ከምግብና ከከብት አርቄአለሁ፤ እጄንም ታጥቤአለሁ። ያልተረጨው ተበሳ፤ የተረጨው አንድም አልተበሳ። አባቴ ሐሙስ ቀንጥሶ ቀመሰው፣ ወላሂ እንዲህ ያለ የለም አለ። ትንሽ ስላመመው ትናንት ጫቱን ጭኜ አህያውን ወደ ከተማ የነዳሁት እኔ ነኝ። እሱም ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሸዋ በር ገበያ ላይ እየተሸጠ ነው።»

ክፍሉ አጨበጨበ። ሳህሉ ወንበሩን ይዞ ቆመ። ስለ ምግብ ሲያስጠነቅቅ እንጀራውን፣ ዱቄቱን፣ ወተቱን አስቦ ነበር፤ ጫትን በሐረር ማንም ከምግብ አይቆጥረውም። ማንም አያጥበውም ደግሞ፤ ከታጠበ ይጠወልጋል ይባላል፣ ገዢ አይነካውም። ልጅቱ ያለውን ሁሉ ከሱ ከራሱ በተሻለ ጥንቃቄ ፈጽማለች። ፍየሏ ትዝ አለችው። ከዚያ እጁን አየ። ፈራ፤ እንዲህ ፈርቶም አያውቅ።

ሰዓቱን ተመለከተ። ከረፋዱ አምስት ተኩል ሆኗል። ስድስት ሰዓት ካለፈ የዙሁር አዛን ይሰማል፤ ከስግደቱና ከምሳው በኋላ ጀጎል ውስጥ በር ሁሉ ይዘጋና ከተማው ለመቃም ይቀመጣል። ክፍሉን ጥሎ ወጣ፤ ለይላ ደብተሯን እንደያዘች ከኋላው ተከተለችው።

ሸዋ በር እንደ ሁልጊዜው ተጨናንቋል። ሳፊያ በእርጥብ ጆንያ ከሸፈነችው ጫት መሀል ተቀምጣ ትስቃለች፤ በዚያች ጠዋት ከጎረቤቶቿ ሁሉ ቀድማ ሸጣለች። ከሠላሳ ዙርባ እስር የቀራት ሰባት ነው። ከገዙትም ብዙዎቹ ገና አልተበተኑም፤ እስሩን በብብታቸው ይዘው ግማሾቹ ሻይ ይጠጣሉ፣ ግማሾቹ ወሬ ያወራሉ። ሳህሉ መሀላቸው ቆሞ ጫቱ መርዝ አለበት፣ እንዳትቅሙ አለ። ዞር ብለው አዩት። ክራቫቱ ዞሯል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ከንፈሩና እጁ ይንቀጠቀጣሉ።

«አስተማሪው በጠዋት ቅሞ መርቅኗል» አለ አንዱ፣ ሳቁም ተያያዘ።

ሳፊያ ግን አልሳቀችም። የሰው ገበያ መዝጋት ሐራም ነው፣ ሌላ ነጋዴ ገዝቶህ ነው አለችው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ልጄ፣ ሂድና ወተት ጠጣ ብለው በርኅራኄ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። አምስት ዓመት ሳታዩ አትመኑ እያለ የጮኸ ሰው፣ ዛሬ በቃሉ ብቻ እንዲታመን ይለምናል።

ልጅቱ ቀደመችው። ከሻይ ቤቱ ሁለት ብርጭቆ አምጥታ ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ ዝንብ ትይዝ ጀመር። ከአክስቷ ዙርባ አንድ ቀንበጥ መዘዘች፤ ከጎረቤቷ ሻጭ ሌላ ቀንበጥ ተቀበለች። ድንጋዩ ላይ ሁለቱን ብርጭቆ ደፋች፤ በየሥራቸው አምስት አምስት ዝንብ ከአንዳንድ ቀንበጥ ጋር። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

በመጀመሪያ ሕፃናት ከበቡ፤ ከዚያ ሥራ ፈቶች፤ ከዚያ ገዢዎቹ። ሳፊያም እያጉረመረመች ተነሥታ መጣች። አዛኑ ተሰማ፤ ወደ መስጊድ የሄደ ጥቂት ነው። የሳፊያ ቀንበጥ ባለበት በቀኙ ብርጭቆ አንዷ ዝንብ በጀርባዋ ወድቃ ትሽከረከር ጀመር። ዝንብማ በራሷም ትሞታለች አለ የቅድሙ ቀልደኛ። ወዲያው ሁለተኛዋ ወደቀች፤ ሦስተኛዋ፤ አራተኛዋ። በግራው አምስቱም መስተዋቱን ይወጣሉ ይወርዳሉ። የመጨረሻዋ ስትገለበጥ ቀልደኛው ብብቱን ከፍቶ እስሩን ጣለ። ሌላውም ጣለ። ሳፊያ ጆንያዋን አንሥታ ሰባቱንም ዙርባ ሸፈነችና ቀደም ብለው ገዝተው የገቡትን በስም በስማቸው እየጠራች ወደየቤታቸው ሰው ላከች።

«መርዙን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለ ሳህሉ ሁሉም እንዲሰማ። «ልጅቱ የታዘዘችውን ነው የሠራችው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ፖሊስ ጥሩ ያለ ድምፅ ተሰማ። ይምጣ፤ ሥራውም ይቅር፤ ሳህሉ ለዚያ ግድ አልነበረውም። በጊዜ ደረስን ብሎ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ተነፈሰ። ለይላን ሊያመሰግናት ዞር ሲል ልጅቱ ከብርጭቆዎቹ ፊት እንደተንበረከከች ናት።

«ጋሼ» አለችው። «አባቴ ከሐሙስ ጀምሮ በየቀኑ ሲቅም ነበር። ትናንት ስመጣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ መስሎኝ ጋቢ ደረብሁለትና መጣሁ። ሪፖርቱ እንዳያልፈኝ ብዬ።»

የሶፊ መንገድ በእግር ሁለት ሰዓት ነው። ሳህሉ እጇን ይዞ አስነሣት፤ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ገበያውን አልፈው ቁልቁለቱን ጀመሩ። እዚያ ሲደርሱ እንደ ክፍል ውስጥ ቀስ ባለ ድምፅ ጠየቀችው።

«ዝንቦቹ ስንት ደቂቃ ፈጀባቸው?»

«አሥራ አንድ።»

«ሰውስ ስንት ቀን ነው የሚፈጅበት?»

እኔም ቅሜ ይኸው ቆሜአለሁ ሊላት ፈለገ። ግን እሱ የቃመው አንድ ቀን ነው፤ የእሷ አባት አራት። ለይላ መልሱን እየጠበቀች ቀና ብላ አየችው። ሲዘገይባት ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና ትሮጥ ጀመር።