ስሙ የማይጠራው ሥር

በጠመንጃ ያዥ ሰፈር፥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ መጨረሻ፥ ድንቅነሽ የምትባል ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ትኖራለች። ሽንቱን የሚያቃጥለው ሰው ሁሉ ደጇን ያውቀዋል። የምትሰጠው መድኃኒት የገብስ ውኃ፥ ተዘፍዝፎ ያደረ ተልባና ስሙ የማይጠራ አንድ ሥር ነበር። ገብሱንና ተልባውን ማንም ያውቃል፤ ሥሩን ግን ከእርሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መሪጌታ አባቷ ሊሞቱ ሲሉ፥ «ስሙ በሰው ጆሮ ከገባ ይረክሳል» ብለው አስምለዋታል።

ከሥሩ ጋር አንድ ሕግም አውርሰዋታል። መድኃኒት ፈላጊው ከአፉ ቃል ሳይወጣ በማለዳ ይመጣል፤ ባዶ ጠርሙሱን ይዘረጋል፤ የተሞላውን ተቀብሎ ይሄዳል። ጠርሙሱ እስኪያልቅም ስለ ሕመሙ ለማንም ትንፍሽ አይልም። ሰፈርተኛው ይህን ሕግ ከመድኃኒቱ አብልጦ ይወደው ነበር። በሽታው የሚያሳፍር ነው ተብሎ ይታመናልና፥ ዝምታው ለኀፍረቱ ጥሩ መሸፈኛ ሆነለት። ድንቅነሽም ተመልሶ ያልመጣውን ሁሉ የዳነ አድርጋ ትቈጥር ነበር።

እማማ ወለተሥላሴ ምራታቸውን ሩሃማን እጇን ይዘው የመጡት በዚሁ ሥርዐት ነው። እማማ በማኅበራቸው ቃላቸው የማይሻር፥ ጎረቤቱ ሁሉ ተነሥቶ የሚቀበላቸው ባልቴት ናቸው። ሩሃማ ገና ከሙሽርነት አልወጣችም። ጠርሙሱን የዘረጉት እማማ ናቸው፤ ልጅቱ መሬት መሬት ታይ ነበር። ድንቅነሽም ሞልታ ሰጠቻቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በቀትር፥ ድንቅነሽ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ፥ ሩሃማን በእማማ ግቢ፥ ከቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ አገኘቻት። ፀሓይ ዐናት እየበሳች፥ ልጅቱ ጋቢ ተከናንባ ጥርሷን ታንቀጫቅጫለች። አንድ እጇን ከወገቧ አላነሣችም።

«ምን ሆነሻል፥ ልጄ?»

ሩሃማ ጣቷን ከከንፈሯ ላይ አደረገች። ጠርሙሱ አላለቀም ማለቷ ነው።

ድንቅነሽ ግንባሯን ስትዳስሰው ትኵሳቱ እጇን አስነሣት። አባቷ ከመሐላው ሌላ የነገሯት ነገር ትዝ አላት፤ ሕመሙ ከእምብርት በታች ሳለ ያንቺ ነው፤ ወገብ ከያዘ ግን ከእጅሽ ወጥቷል ብለዋት ነበር።

«ተናገሪ» አለቻት።

«ኧረ አታናግሪያት!» እማማ ወለተሥላሴ ማማሰያ እንደያዙ ከውስጥ ወጡ። «ግማሹ ገና አልተጠጣም። የገዛ መድኃኒትሽን ልታረክሺው ነው?»

«ይህች ልጅ ታማለች፥ እማማ።»

«ታማ አይደል እንዴ ያመጣሁልሽ? እየሠራላት ነው። በሽታው ሲነቀል ያንቀጠቅጣል።»

«ይህ ሲነቀል አይደለም፤ ሥር ሲሰድ ነው።»

«ዝም በሉ ያልሽን አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ። የምሽረውም እኔው ነኝ። ሩሃማ፥ ተናገሪ!»

ልጅቱ አማቷን አየች፤ ከዚያም እንባዋ ቀደማት። «ወገቤ ሊቈረጥ ነው፥ እትዬ ድንቄ። ያንቀጠቅጠኛል፤ የበላሁት አይረጋም። ጽንሱ እንዳይወርድብኝ ፈራሁ።»

«የምን ጽንስ?»

እማማ ዐይናቸውን ማማሰያው ላይ ተከሉ። «ሳይገፋ አይወራም ብዬ ነው። የሰው ዐይን ክፉ ነው።»

 ድንቅነሽ ያ ሥር ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥ ታውቅ ነበር፤ ነገር ግን ማንንም ጠይቃ አታውቅም፤ ሕጓ መጠየቅን ከልክሏታልና። ስልኳን አውጥታ ራይድ ታክሲ ጠራች።

«በዚህ ቀትር ልታወጫት?» አሉ እማማ የግቢውን በር በእጃቸው ዘግተው። «ሰፈሩ ሁሉ ያያል! የወለተሥላሴ ምራት ምን በሽታ ይዛ መጣች ሊባል ነው!»

«ይይ። ዐይን የተሰጠው ለማየት ነው። እጅዎን ከበሩ ያንሡ፥ እማማ፤ አለዚያ እኔ አነሣዋለሁ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከታናሽ ሰው አፍ ሰምተው አያውቁም። እጃቸው በገዛ ራሱ ወረደ።

በጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተው ነበር። ከተቀመጡት መካከል የድንቅነሽ ደንበኛ፥ ባለ ሱቋ ሀያት፥ አይታት ጮኸች። «እትዬ ድንቄ! እርስዎም እዚህ? መድኃኒቱ አለቀ እንዴ?» ሰው ሳቀ።

ቢልቂስ የተባለች ወጣት ሐኪም ሩሃማን እዚያው መተላለፊያው ላይ መረመረቻት። «ምን ወስዳለች?» ስትል ጠየቀች።

«ገብስና ተልባ» አሉ እማማ ፈጥነው።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«አለ» አለች ድንቅነሽ።

እማማ ክንዷን ያዟት። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? አባትሽ በመቃብር ይሰማሉ!»

«ይስሙ! እኔም ስሞት እጠየቅበታለሁ።» ክንዷን አስለቀቀች። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ተገለጠላት፤ መሐላ የሚያስከብረው የሚጠብቀው ነገር ነው፤ ሰው እየጣለ ምስጢር የሚጠብቅ መሐላ ግን ክብሩ ከራሱ ላይ ወድቋል። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «የእምቧጮ ሥር ነው። ከገብሱ ጋር አብሮ ይፈላል።»



«እምቧጮ?» አለች ሀያት። «ያ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው? እኔ ከሩቅ በረሓ የሚመጣ መስሎኝ፥ ቢስሚላህ እያልሁ ስጠጣው የኖርሁት!»

«አረከሽው!» አሉ እማማ።

«ይርከስ! ልጅቱ ትዳን እንጂ ሥሩ ይርከስ!»

ሐኪሟ አልሳቀችም፤ አልተቈጣችምም። «መናገርዎ ደግ ነው። ኢንፌክሽኑ ኩላሊቷን ነክቷል፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ተኝታ በመርፌ መታከም አለባት» አለች።

ሩሃማ ተኛች። ትኵሳቱ ሲበርድላት የጽንሱን የልብ ምት አሰሟት፤ እማማም አብረው ሰሙ፤ አለቀሱ፤ ለድንቅነሽ ግን ቃል አልተነፈሱም። ድንቅነሽ የቀረውን ሥር አውጥታ ጣለችው። ገብሱንና ተልባውን ግን አልተወችም፤ ሕጉንም ገለበጠችው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፥ በአንድ ማለዳ፥ ፊታቸውን በነጠላ የሸፈኑ ሴት ደጇ ላይ ቆመው ባዶ ጠርሙስ ዘረጉ። ድንቅነሽ በአረማመዳቸው ዐውቃቸዋለች።

«እንደምን አደሩ፥ እማማ? ምንዎን ነው የሚያምዎ?»

እማማ ወለተሥላሴ ወደ ከንፈራቸው አመለከቱ።

«ያ ሕግ ተሽሯል። የማይናገር ሰው ጠርሙሱን ባዶውን ይዞ ይመለሳል።»

ባልቴቷ ወደ መተላለፊያው ዘወር አሉ። አንዲት ጎረቤት ደጇን ትጠርጋለች፤ ሌላዋ ባልዲ አንሥታ ቆማለች። ጠርሙሱን ወደ ነጠላቸው መለሱት፤ ጥቂት ሄዱ፤ እንደ ገና ተመለሱ።

«ያቃጥለኛል!» ብለው ጮኹ፤ መጥረጊያው ቆመ። «ሰማሽ? ሽንቴን ያቃጥለኛል! አሁን ደስ አለሽ?»

«ሰምቻለሁ» አለች ድንቅነሽ፥ እርሷም ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ወገብዎንስ?»