ከገደሉ የሚወጣው ነፋስ

ጋሽ ቅጣው አማቻቸውን ማዕረግን አይወዱትም ነበር፤ ይህንንም ደብቀው አያውቁም። ልጃቸው እፀገነት ከአራት ዓመት በፊት ሽማግሌ ሳይላክ፣ እሳቸው ሳይመርቁ፣ ማዘጋጃ ቤት ፈርማ ነው ያገባችው። እሳቸው ወሬውን በስልክ ሰሙ። ከዚያ ወዲህ ማዕረግ ለፋሲካም ለእንቁጣጣሽም በግ እየጎተተ ደብረ ብርሃን ቤታቸው ይመጣል። በጉን ይቀበሉታል፤ እሱን ግን በር ላይ ቁመው ያናግሩታል። የመርሐቤቴ ሰው፣ የዓለም ከተማ ልጅ ነው። «ቆለኛ ብርድ ሲነካው ነው አመሉ የሚወጣው» ይላሉ፣ እሱ እየሰማ።

በሐምሌ ማብቂያ ራቤል አጠገብ ትኖር የነበረችው እህታቸው የአማከለች ሙት ዓመት ደረሰ። ዝናቡ መንገዱን ስላበላሸው አውቶቡስ ከመሃል ሜዳ አያልፍም ተባለ። እፀገነት ነርስ ናት፤ ተረኛ ስለነበረች መሄድ አልቻለችም።

«ማዕረግ ያድርስዎት» አለች።

እንቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ግን የእህት ሙት ዓመት ነው፤ ቀርተው ምን ይላሉ? ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን ጠቅልለው ገቡ።

የማዕረግ መኪና እንደ ሌላው መኪና አይደለችም። ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛት ናት። ከኋላ አልጋና ትንሽ የጋዝ ምድጃ አላት። ጣሪያዋ ከውስጥ ሲገፉት ወደ ላይ ይነሳል፤ ዙሪያውን ሸራ ነው፣ ግራና ቀኝ በሁለት ብረት ተደግፎ ይቆማል። ያኔ ሰው ውስጧ ሳይጎብጥ መቆም ይችላል። ማዕረግ ጓሳን ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ላሳድርባት ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያድሳት ከርሟል።

ሞላሌን አልፈው መሃል ሜዳ ምሳ እስኪበሉ ድረስ ሁለቱም ከአሥር ቃል በላይ አልተናገሩም። ከጓሳ ወዲያ ዝናቡ ጠነከረ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም አንድ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ሲያቋርጥ ደረሱበት። ውኃው ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ከወዲያ ማዶ ሁለት በቅሎ የያዙ ሰዎች ቆመው አዩና ተመልሰው ሄዱ።

«ዛሬ አይቀንስም» አለ ማዕረግ። «እዚሁ እናድራለን፤ ቤታችን አብሮን ነው።»

ማዕረግ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ውኃ የማይተኛበት ከፍታ መረጠና መኪናዋን አቆመ። ጎኗን ለምሥራቅ ሰጥቶ ነው ያቆማት። ከመንገዱ በስተምሥራቅ ሁለት መቶ እርምጃ ሳይሞላ አገሩ ተቆርጦ ገደል ይሆናል፤ አሁን ግን ጉም ስለሸፈነው የሚታይ ነገር የለም።

ጋሽ ቅጣው ግን ገደሉ የት እንዳለ ያውቃሉ። የዓይን ሞራ መሪ እስኪያስጥላቸው ድረስ ሠላሳ ዓመት በመንገድ ሥራ ግሬደር ነድተዋል፤ በዚህ አምባ ላይ በድንኳን ስንት ክረምት ከርመዋል። ጉሙ ሲገለጥ ነፋሱ ከገደሉ ሥር እንደሚወጣ፣ ሲወጣም የድንኳን ካስማ ከነጭቃው ነቅሎ እንደሚሄድ ያውቃሉ። መኪና የሚቆመው አፍንጫው ወደ ገደሉ ዞሮ ነው። ይህን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዝም አሉ።

ማዕረግ መቆለፊያውን ፈትቶ ጣሪያውን ወደ ላይ ገፋው።

«ወገብዎን ያምዎታል፤ እንደ ልብዎ ይቁሙ ብዬ ነው» አለ።

«እኔ መቼ ልቁም አልኩህ?» አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ሻይ አፈላ። አንድ ኩባያ አቀበላቸው፤ ተቀብለው አጠገባቸው አስቀመጡት። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ማዕረግ ጭቃ የነካውን ጫማውን አውልቆ እግሩን በፎጣ እያሸ ነበር።

«እኔ ምን እንደበደልኩዎት ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር» አለ፣ ቀና ሳይል። «አራት ዓመት ሆነ። ሽማግሌ አልላክህም ነው? ልልክ ነበር። እፀገነት ናት ‹አባቴ ሽማግሌ ያዋርዳል› ያለችኝ።»

«ልጄን ምስክር አታድርግብኝ።»

«እውነቱን ነው የምነግርዎት።»

«እውነት ከአንተ አልማርም።»

ማዕረግ ፎጣውን ወረወረና ወደ መስኮቱ ዞረ። በዚያች ቅጽበት ጉሙ መገለጥ ጀመረ። ከታች፣ ከሩቅ፣ የቆላው አገር ብልጭ አለና ጠፋ። የመጀመሪያው ነፋስ መጣ፤ ሸራው እንደ ልብስ ተርገበገበ፣ መኪናዋም ተወዛወዘች። ሻዩ ፈሰሰ።

ማዕረግ የጣሪያውን ብረት በእጁ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ወደ ጋሽ ቅጣው ዞረ።

«አባባ፣ እዚህ አገር ከርመዋል። ነፋሱ ይበረታል እንዴ? ጣሪያውን ላውርደው?»

ጥያቄው ቀጥተኛ ነበር። ጋሽ ቅጣው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«መኪናው ያንተ፣ ጣሪያው ያንተ። እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ።

ማዕረግ ትንሽ አመነታና ተወው። እሳቸው ስላልተጨነቁ እሱም አልተጨነቀም።

አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ከገደሉ የተነሣው ነፋስ መኪናዋን በጎኗ ሲመታት ሁለቱ ጎማዎች ከመሬት የተነሡ መሰለ። የምሥራቁ ሸራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀደደ፤ ዝናቡ በባልዲ እንደሚደፋ ውስጥ ገባ። ማዕረግ ዘሎ የሚነሣውን ጣሪያ በሁለት እጁ ያዘ። አንደኛው ብረት ጎበጠ፣ ከዚያ ከመሠረቱ ተነቀለ፤ ጣሪያውም ተንጋዶ በቀኝ እጁ ላይ ወረደ። አልጮኸም። ጥርሱን ነክሶ «ያንሱልኝ» አለ፣ ደጋግሞ፣ «ያንሱልኝ፣ ያንሱልኝ።»

ጋሽ ቅጣው ተነሥተው በትከሻቸው ገፉ። ወገባቸው ተንቋቋ። እጁ ወጣ፤ ሁለት ጣቶቹ ቦታቸውን ለቀው ነበር። ነፋሱ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ጣሪያውን ገንጥሎ መኪናዋንም ሊገለብጣት ነው። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ቅጣው የጮኹት።

«አዙራት! አፍንጫዋን ወደ ገደሉ አዙራት!»

ማዕረግ ወደ ፊት ወንበሩ ተሻግሮ ሞተሩን አስነሣ፤ በግራ እጁ መሪውን ይዞ አዞራት። ማርሹን የለወጡት እሳቸው ናቸው። አፍንጫዋ ነፋሱን ፊት ለፊት እንደገጠመ መወዛወዟ ቀነሰ፤ ጣሪያውም በራሱ ክብደት ረገበ። ጋሽ ቅጣው ወርደው በገመድ ጠፈሩት። ሲመለሱ ውኃ ከጢማቸው ይንጠባጠብ ነበር። ማዕረግ ሞተሩን አጥፍቶ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ ያያቸዋል።

«ያውቁ ነበር» አለ።

ጋሽ ቅጣው ጢማቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ስጠይቅዎት ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

ጋሽ ቅጣው መልስ ፈለጉ። እንዲያፍር ፈልገው ነበር፤ ሸራው ተቀዶ፣ ርሶ፣ «የእርስዎ አገር አሸነፈኝ» እንዲላቸው። እጁ እንዲጎዳ አልፈለጉም። ይህን ማለት ግን ከዝምታው የባሰ መስሎ ታያቸው።

«ምክንያት የለኝም» አሉ።

እርጥቡ ፍራሽ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው አነጉ። ጎሕ ሲቀድ ወንዙ ጎድሎ ድንጋዩ ይታይ ነበር፤ ራቤል ከዚያ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። የማዕረግ እጅ እስከ አንጓው አብጧል።

«ወደ መሃል ሜዳ ሐኪም ጋ ነው የምመለሰው» አለ። «እርስዎ ከፈለጉ ወንዙን ተሻግረው በእግርዎ ይሂዱ። እኔ አላደርስዎትም።»

«ማርሹን ማን ይለውጥልሃል?»

ማዕረግ ያበጠ እጁን አየ። «ይግቡ» አለ።

እንዲህ ሆነው ተመለሱ። ማዕረግ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ «ሁለት» ይላል፤ ጋሽ ቅጣው ያስገባሉ። «ሦስት።» ያስገባሉ። ሌላ ቃል አልነበረም። አንዴ ዳገት ላይ እሳቸው ሞተሩን በጆሯቸው ሰምተው ሳይታዘዙ ማርሹን ቀነሱ።

«አንድ አላልኩም» አለ ማዕረግ።

ወደ ነበረበት መለሱት። ሞተሩ ጠፋ፤ ዳገቱን እንደገና ጀመሩት።

ሐኪም ቤት እጁን ሲያስሩለት ጋሽ ቅጣው በረንዳ ላይ ቆመው ለእፀገነት ደወሉ። ሳይቀንሱ ነገሯት፤ ጠይቋቸው እንደነበረም፣ አላውቅም እንዳሉትም።

«ስልኩን ለሱ ይስጡልኝ» አለች።

ሰጡት። ፊቱን አዙሮ ዝቅ ባለ ድምፅ አናገራትና ስልኩን መለሰላቸው፤ እሷ ዘግታ ነበር። ከዚያ እስከ ጥቅምት ድረስ አልደወለችላቸውም።

ማዕረግ መኪናዋን አንድ ጋራዥ አስገብቶ በሌላ ሰው መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ። ቦታ ቢኖርም አብረው እንዲሄዱ አልጠየቃቸውም፤ ደህና ዋሉም አላላቸውም። ጋሽ ቅጣው የእርጥብ ጋቢያቸውን ጥቅል በብብታቸው ይዘው እህል ጫኝ መኪና እየጠበቁ ሁለት ሰዓት ቆሙ። ራቤል የደረሱት ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው፣ ዘመድ በልቶና ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ ነው። የእህታቸው ልጅ አየለች ዳሱን እያፈረሰች አገኘቻቸው።

«ብቻዎን ነው የመጡት?» አለች።

«ብቻዬን ነው» አሉና የዳሱን አንድ ምሰሶ ይዘው ያግዟት ጀመር።