ሐዲዱ ላይ የተቀባ ግራሶ

የሃርላን ስኮግ ጋራዥ በር ከገና ወዲህ ይጮህ ነበር። ተራ ሲጥሲጥታ እንዳይመስላችሁ፤ የሚታረድ አሳማ እንኳ እንዲያ አይጮህም። ሚስቱ ሎይስ ለወገቧ ሕመም ሐኪም ያዘዘላትን የውኃ ውስጥ እንቅስቃሴ ልትሠራ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት መኪናዋን ስታወጣ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤት መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ይገላምጣታል።

«ባለሙያ እንጥራ» አለች ሎይስ አንድ ማክሰኞ፣ ምሳ ላይ።

«ዘይት ለመቀባት?» ሃርላን ከሳህኑ ቀና አላለም። «አርባ ዓመት ቶርኖ ቤት ያስተዳደርኩ ሰውዬ ዘይት ቀቢ ልቅጠር? ነገ ደግሞ ጫማዬን የሚያስርልኝ ሰው ትጠሪ ይሆናል።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ገብቶ ራሱ ቀባው። ከቶርኖ ቤቱ የተረፈች አንዲት ጣሳ ግራሶ ነበረችው፤ ለማዕድን ማውጫ ማሽኖች የምትሆን፣ ጥቁርና ወፍራም። በጣቱ እየዛቀ፣ የበሩ ትንንሽ ጎማዎች የሚሄዱበትን ሐዲድ በግራም በቀኝም ከላይ እስከ ታች ለቀለቀው። በሩ ዝም አለ። በሩ ዝም ሲል ሃርላን አፉን ከፈተ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ባለሙያ ነን ባዮች ሲያወራ ሎይስ ጆሮዋን አሳመማት።

ሐሙስ ማታ ብርዱ ከካናዳ ወረደ። የሚኖሩባት ዱሉት ክረምቱን የለመደች ከተማ ናት፤ እንዲያም ሆኖ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ሲገባ ማንም ይሳደባል። ዓርብ ጠዋት ሎይስ የዋና ቦርሳዋን አንጠልጥላ የበሩን መክፈቻ ቁልፍ ስትጫነው፣ በሩ እስከ ወገብ ተነሣ፣ አቃሰተና እዚያው ቀረ። ግራሶው እንደ ሻማ ደርቆ ጎማዎቹን ቀርቅሯቸዋል። ሎይስ ባሏን አየችው። ወደ ቤት ተመልሳ ስልክ ደወለች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ነጭ ቫን በሩ ላይ ቆመ። የመሣሪያ ሣጥን ይዛ የወረደችውን ሴት ሃርላን ፊቷን ሳያይ በአረማመዷ ለያት። ኢንግሪድ ናት፤ አንድ ልጁ። ከተያዩ አምስት ዓመት አልፏቸዋል።

ኢንግሪድ በአባቷ ቶርኖ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ቤቱ የእሷ እንደሚሆን ሠራተኛውም ደንበኛውም ያውቅ ነበር፤ ሃርላን ራሱ ሰው በተሰበሰበበት ማዕድ ላይ ተናግሮታል። አንድ የጸደይ ቀን ግን ከሚኒያፖሊስ ለመጣ ሰው ሸጠው። ኢንግሪድ የሰማችው ከገዢው አፍ ነው፤ ሰውየው የመብራቱ ማብሪያ የት እንዳለ ሊጠይቃት መጥቶ። እጇን ታጠበች፣ ቱታዋን ሰቀለች፣ ወጣች። በጋራዥ በር ጥገና መቀጠሯ ሲወራ ሃርላን ፀጉር ቤት ተቀምጦ «ልጄ በር ከፋች ሆነችልኝ» ብሎ ሰው አሳቀ። ያም ደረሳት።

«ሌላ ሰው የላቸውም?» አለ አሁን፣ ወደ ሎይስ ዞሮ።

«ስሟን ጠርቼ ነው ያስላክኋት» አለች ሎይስ።

«ደህና አደሩ፣ አቶ ስኮግ» አለች ኢንግሪድ።

እርስዎ መባሉ ከብርዱ ይልቅ ቆረጠው። «አቶ ስኮግ? ብስክሌት ያስተማርኩሽ ሰውዬ ነኝ እኮ!»

«ደንበኞቻችንን በአክብሮት ነው የምናናግረው። ሐዲዱን ማን ቀባው?»

«እኔ።»

«በምን?»

ጣሳውን አሳያት። ክዳኑን ከፍታ አየችና መለሰችለት። «ይሄ ለድንጋይ መፍጫ ነው። ሐዲድ ደግሞ አይቀባም፤ ይጠረጋል፣ በቃ። የሚቀባው ማጠፊያው፣ የጎማዎቹ ኩሽኔታና ሞላው ነው፤ እሱም ብርድ በማያደርቀው በሚረጭ ዘይት።»

«እና ባለሙያ የሚባለው ለዚህ ነው? ፊስ አድርጎ ለመርጨት?»

«ፊስ ለማድረግማ ማንም ይችላል። እርስዎም ይችሉ ነበር፣ ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ቢያነቡ።»

ሎይስ ሳቋን በሳል ሸፈነችው።

ኢንግሪድ ግራሶውን ለመፋቅ አንድ ሰዓት ፈጀባት። መፋቂያውን አውራ ጣቷን ከኋላ ደግፋ ነው የያዘችው፤ እሱ እንዳስተማራት። ሃርላን ይህን በማየቱ ተናደደ። ዞር እንዳይል ደግሞ የራሱ ጋራዥ ነው።

በሩን ቀስ አድርጋ ካወረደችው በኋላ ተንበርክካ የግራውን ጥግ በባትሪ አበራች። «በሩን የሚስበው የብረት ገመድ ተበጣጥሷል። ይዩት፣ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተንጨፍርሯል። ከላይ ያለው ሞላም አርጅቷል። ሁለቱም ዛሬውኑ መቀየር አለባቸው።»

«አሃ! አሁን መጣች!» ሃርላን አጨበጨበ። «ዘይት ልትቀባ ገብታ በሩን ልትነቅል! ይህን ነው ያሠለጠኑሽ? ሽማግሌ ማስፈራራት?»

ፊቷ ቀላ። «በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ደንበኛ ዋሽቼ አውቃለሁ?»

«ገመዱን እኔው እቀይረዋለሁ።»

«አይቀይሩትም። ገመዱን ለማውጣት ሞላው መላላት አለበት። የዚህን በር ክብደት በሙሉ ተሸክሞ የተጠመጠመው ያ ሞላ ነው። ቀይ የተቀባውን ቡሎን በፈቱበት ቅጽበት እጅዎን ይሰብረዋል። ዘይቱን እንደፈለጉ ይቀቡ፤ እሱን ግን አይንኩት።»

«ቶርኖ ስትጀምሪ እጅሽን ይዞ ያስተማረሽ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት። አስተምረውኝ ሲያበቁ ለሌላ ሸጡት።»

ኢንግሪድ ከደረት ኪሷ ወረቀት አወጣች። «‹ደንበኛው ጥገናውን አልፈለገም› ይላል። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭኖ ፈረመ።

«እማዬ፣ ይህን በር እንዳትነኪው» አለች ኢንግሪድ ቫኗ ውስጥ እየገባች። «የምትሄጂበት ካለ በታክሲ ሂጂ።»

ቅዳሜ፣ ቁርስ እንደበላ፣ ሎይስ ገላዋን ስትታጠብ ሃርላን መሰላሉን አቆመ። ሞላውን መያዣ የሚሆን ትክክለኛ ዘንግ አልነበረውም፤ በእሱ ፈንታ ረጅሙን ካቻቪቴ ለዘንጉ በተሠራው ቀዳዳ ውስጥ ሰካና ቀዩን ቡሎን ፈታ። ያሰበው ሁሉ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር የሠራው። ካቻቪቴው ከእጁ ተመንጭቆ ዞረ፣ የእጁን አንጓ መታውና ጣሪያው ላይ ተሰካ። እሱም ከመሰላሉ ወደቀ።

ሎይስ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ እየሮጠች ስትመጣ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን የሰው እጅ እንደያዘ ሆኖ ይዞት ነበር።

«ለእሷ እንዳትነግሪያት» አለ።

«አምቡላንስ ልጥራ? ወይስ ያንንም ራስህ ትሠራዋለህ?»

ሁለት አጥንት ተሰብሯል። እስከ ክርኑ ጄሶ ተደረገለት። ያከመችው ሐኪም፣ ካቻቪቴው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቢሆን ዐይኑን ይዞት ይሄድ እንደነበር ሳታለሳልስ ነገረችው።

ሰኞ ጠዋት ኢንግሪድ፣ ሎይስ ደውላላት፣ አዲስ ሞላና አዲስ ገመድ ይዛ መጣች። ሃርላን ካፖርቱን በጄሶው ላይ ደርቦ ከኩሽና ወደ ጋራዥ በሚያስገባው በር ላይ ቆመ። መጀመሪያ ያደረገችው፣ ጣሪያው ላይ የተሰካውን ካቻቪቴ በፒንሳ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ነበር። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች። ትስቃለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልሳቀችም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበው።

«በይ ተናገሪ» አለ።

«ምኑን?»

«‹ነግሬዎት ነበር› በይ!»

«ምን ያናግረኛል? ፈርመዋል እኮ።»

ሁለቱን ዘንጎች እያፈራረቀች አዲሱን ሞላ መጠምዘዝ ጀመረች። ሃርላን ለሎይስም ነግሯት የማያውቀውን ነገር የተናገረው ያኔ ነው።

«የሸጥኩት... ደንበኞቻችን፣ የማዕድኑ ሰዎች፣ ሴት ለምትመራው ቤት ሥራ አይሰጡም ብዬ ነው።»

ኢንግሪድ ቆመች። ዘንጉን ግን ልትለቀው አትችልም፤ የበሩ ክብደት በሙሉ ክንዷ ላይ ነበር። ሳትዞር መለሰችለት።

«አሥራ አንድ ዓመት ሥራቸውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ስልክ ሲደውሉ የሚጠሩት የኔን ስም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ያኔም ታውቅ ነበር።»

«ያኔም አውቅ ነበር።»

ሃርላን ሊያግዛት አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ጄሶው ትዝ አለውና ቆመ። እሷ ሁለተኛውን ዘንግ ሰክታ የቀረውን ጠመዘዘችና ቡሎኑን አጠበቀች።

«ገመዱ... ደህና ነው?» አለ ሃርላን። ሊል የፈለገው ሌላ ነበር።

«ደህና ነው።» የሚረጭ ዘይት የያዘ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «በየስድስት ወሩ ማጠፊያውን፣ ጎማዎቹንና ሞላውን ይርጩ። ለዚህ ሰው መጥራት አያስፈልግዎትም።»

ቁልፉን ስትጫን በሩ ድምፅ ሳያሰማ ተነሣና የጠዋቱ ፀሐይ በረዶው ላይ አንጸባረቀባቸው። ሎይስ የዋና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፤ መኪናዋን ዞር ብላ እንኳ ሳታያት ከልጇ አጠገብ ቫኑ ውስጥ ገባች።

«ምሳ ከተማ ነው የምንበላው» አለችው በመስኮቱ። ና አላለችውም።

ኢንግሪድ እስከ ፋሲካ ያንን ቤት አልረገጠችም። በፋሲካም የመጣችው እናቷን ልትወስድ ነው፤ ሞተሩን ሳታጠፋ ደጅ ጠበቀቻት።

ያን ሰኞ ሃርላን ቫኑ ከኮረብታው ሥር እስኪሰወር ቆሞ አየ። ከጄሶው የወጡት ጣቶቹ ሲደነዝዙ በሩን ዘግቶ ገባ፤ የትናንቱን የአተር ሾርባ በግራ እጁ እያማሰለ ማሞቅ ጀመረ።